የዶሮ እግር ያለበት ሰም

ኅዳር 9 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ሮብ፣ ከገበያ መልስ

ሰባት ጥፍጥፍ ሰም ጭኜ ወጣሁ፤ ሰባቱን ጭኜ ገባሁ። አህያዋ ራሷ ግራ ገብቷታል። ከሮብ ገበያ ስትመለስ ጀርባዋ ቀሎላት ነው የለመደችው።

አንድ ሰው እንኳ እጁን አልዘረጋልኝም። ቀና ብሎ ያየኝም የለ። አርባ ዓመት የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ አስረስ ተቀምጧል። አስረስ ማለት ሃያ ዓመት አብሮኝ የበላ፣ ሰፈፍ አፍልቶ ሰም ማጥለል ያስተማርኩት፣ የእህቴን ልጅ የዳርኩለት ሰው ነው። ከብብቱ ወረቀት አወጣ። የጣሊያን ማኅተም አለበት። በዚህ ገበያ ሰም የሚገዛውም የሚሸጠውም አስረስ ብቻ ነው ይላል አሉ። ሌላ ሰው ሲሸጥ ከተገኘ ሰሙ ይወረሳል። አነበበልኝ። እሱም እንደኔ ፊደል አያውቅም፤ በቃሉ ይዞት ነው።

ይህን የሚጽፈው ጎረቤቴ መ/ጌታ ጥበቡ ነው። እኩያዬ ነው፤ ጥርስ የለውም። ከእንግዲህ ዳኛ የሰው ቃል አይሰማም፣ የዕለቱን ነገር በየዕለቱ አስጽፍ፣ ለክስ ይሆንሃል ብሎ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ወረቀት ስለጠፋ ቃል እያሳጠረ ይጽፋል። የመላእክትን ስም አታሳጥር ብዬው ነበር፤ ያሳጥራል።

እንግዲህ አንተ መዝገብ፣ ስማ። ተገኘ እባላለሁ። ሰም ነጋዴ ነኝ። ማንንም አታልዬ አላውቅም። ይህን በትልቁ ጻፍልኝ አልኩት፤ በትንሹ ጻፈው።

ኅዳር 12፣ ቅ/ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ

ምነው ዛሬን ባላየሁ።

ዓመታዊ በዓላችን ነው። ሕዝቡ ግቢ ሙሉ። ጧፍ ተለኮሰ። ተንጣጣ። ጭሱ ጠቆረ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ቤተ መቅደሱ የሥጋ ወጥ የሚሠራበት ጎጆ መሰለ። ሞራ ነው! በሰም ውስጥ የበግ ሞራ። ቄሰ ገበዙ ጧፉ የተሠራበትን ሰም ትራፊ ከዕቃ ቤት አስመጣ። ገለበጠው። ከታቹ የዶሮ እግር።

የዶሮ እግር የኔ ምልክት ነው። አባቴ ሰም የምንገለብጥበት የእንጨት ገበቴ ወለል ላይ በጩቤ ፈልፍሎ አወጣው፤ ሦስት ጣት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ሰሙ ሲረጋ ምልክቱን ይዞ ይወጣል። ከዚህ እስከ ጉንደ ወይን ያለ ቄስ ሁሉ ጥፍጥፉን ገልብጦ እግሩን ካየ ሳያሸት ይገዛል። አንድ ገበቴ ቤቴ አለ። ሁለተኛው አስረስ ዘንድ ነው።

ቄሰ ገበዙ በሕዝብ ፊት ይህ የማን ነው አለኝ። ምልክቱ የኔ ነው፣ ሰሙ የኔ አይደለም አልኩ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ጮክ ብላ፣ «የአያ ተገኘ ዶሮ በግ ወለደች!» አለች። ሳቁ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሚካኤል ቀን፣ በኔ ሳቁ። አስረስም ቆሞ ነበር። አልሳቀም። መሬት መሬት ያያል።

እከሰዋለሁ። ሰባ ዓመቴ ነው፤ እከሰዋለሁ።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ባሻ ውብነህ ቤት ሄድኩ። በድሮው ችሎት እሱን የመሰለ ነገረ ፈጅ አልነበረም። ኩታውን ወደ ትከሻው ወርውሮ በትሩን ሲያነሳ ተከራካሪው ከመናገሩ በፊት ይረታ ነበር። በሙግት ማር ተወራርዶ ተሸንፎ አያውቅም። ዛሬ ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ ባቄላ ይፈለፍላል።

ነገሬን አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ አልቆምልህም አለ። እኔ አሥር ቃል ስናገር ቱርጁማኑ ለጣሊያኑ ዳኛ አንድ ቃል ያደርሳል፤ እሷም የኔ አትሆንም። ምላሴን በማይሰማ ሰው ፊት አላዋርድም አለ። ፈሪ ነህ አልኩት። «ነኝ» አለኝ። መፈልፈሉን ቀጠለ።

አንዲት እፍኝ ባቄላ ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ተያዘ። በጾም ደግሞ ሞራ! ሦስት አጥቢያ የኔ ብለው የገዙትን ሰም መለሱ። ከደጃፌ አስቀምጠው፣ ሳይጠሩኝ፣ ሄዱ። አንዱ ጥፍጥፍ የራሴ ነበር፤ ንጹሕ። እሱንም መለሱት። ባለቤቴ ስንዱ ሰፈፍ ታፈላለች። ለማን ነው የምታፈይው ብላት፣ ለእጄ አለችኝ።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ከደ/ማርቆስ ገባሁ። ወገቤ የለም።

ቢሮ የሚባለው በር ላይ ሁለት ቀን ቆምኩ። ከቱርጁማኑ በቀር ወደ ውስጥ የሚያስገባ የለም። ትናንት ጠዋት ወደ ቱርጁማኑ ቤት ሄድኩ፣ አቤት ልል። አጥሩ ሥር አንዲት ዳማ በቅሎ ታስራለች። ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ። አወቅኋት። ውርንጭላ ሳለች ከኔ በረት ነው የወጣችው፤ ለአስረስ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሱ ለቱርጁማኑ ጉቦ ሰጥቷታል። በቅሎዋም አወቀችኝ፤ አንገቷን ዘረጋች። ቱርጁማኑ ብቅ ብሎ ምን ፈልገህ ነው ሲለኝ፣ በቅሎዬን ልሰናበት መጣሁ ብዬው ወጣሁ።

ያደርኩት ሐጂ ዑመር ዘንድ ነው። ሰሙን ወደ ጎንደር የሚያወርድልኝ እሱ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ጥፍጥፍ ገልብጦ አይቶብኝ አያውቅም። ለእሱም ወረቀቱ ደርሶታል፤ ከአስረስ በቀር እንዳይገዛ። ከሱቁ ጓሮ የሚኖር ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው አለ፣ ገ/ዝጊ ይባላል፣ የጣሊያንን ቋንቋም ሕግም ያውቃል፣ ቢሮውን ትቶ ለድሃ ማመልከቻ ይጽፋል አለኝ። ትናንት አልነበረም። ማክሰኞ ተመለስ አለኝ።

ተመለስ ማለት ቀላል ነው! በነዚህ እግሮች።

ኅዳር 24፣ ሐሙስ፣ 4 ሰ.

ተመለስኩ። አገኘሁት። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል። የተኛ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አቋረጥኩ። ቀጥል አለኝ።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ጠየቅሁት። የሕዝብ ገበያ ለአንድ ሰው መስጠት ምን ዓይነት ሕግ ነው አልኩ። በጥንቱ ቢሆን ገበያ የዘጋ ሰው በአዋጅ ይያዛል። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ ገበያውን የሰጠው ዳኛው ራሱ ነው፤ ዳኛውን ማን ፊት ልክሰስልህ አለኝ።  

ስለ ምልክቱ ግን መንገድ ይኖረዋል አለ። የሌላውን ምልክት ለሐሰት ዕቃ መለጠፍ በነሱም አገር ነውር ነው። ብዕሩን አነሳ። ሁለተኛውን ገበቴ ከየት አመጣው ሲለኝ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት አልኩ። ማን ፈለፈለው? እኔ። መቼ? በሠርጉ ቀን፣ ስጦታ። ብዕሩን አስቀመጠ። ትንሽ ብትዋሽ ምናለበት አለኝ። እኔ ተገኘ ነኝ አልኩት። ሳቀ። እንደገና አነሳው። ገበቴውን ለሰም ሰጠኸው እንጂ ለሞራ አልሰጠኸውም፣ እንዲህ እንጽፋለን አለ።

ጠበቃ ማለት ይሄ ነው!

ትእዛዝ ሰጠኝ። አስረስን አትንካው፤ አትሳደብ፤ በገበያ ላይ ቃል አይውጣህ። ሞራ ያለበትን ጥፍጥፍ ሁለት እማኝ ባለበት ገዝተህ አምጣ። በተረፈ ለኔ ተወው። ቃል ገባሁለት።

ዛሬ ስንዱ ምግብ ብላ ሳትለኝ በላሁ።

ኅዳር 29፣ ማክሰኞ

ነገ ሮብ ገበያ። ሁለት እማኝ ይዣለሁ። አፌን እዘጋለሁ። መ/ጌታ ሳቀብኝ፤ አንተ አፍህን የዘጋኸው በማሕፀን ሳለህ ነው አለኝ። ይህን አትጻፍ አልኩት። ጻፈው።

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ

መዝገብ፣ ሦስት ቀን ዝም ያልኩህ መናገር አቅቶኝ ነው። አሁንም መ/ጌታ በሩን ዘግቶ ነው የሚጽፈው።

ሮብ ዕለት ሁለቱን እማኝ ይዤ ገባሁ። በገዛ ድንጋዬ ፊት እንደ ገዥ ቆምኩ። አንድ ጥፍጥፍ ስጠኝ አልኩት። አስረስ ደንግጦ ተነሳ፤ ድሮም ሲያየኝ ይነሳ ነበር። ከዚያ ሰው እንደሚያየው ትዝ አለውና ተመልሶ ተቀመጠ። «አያ፣ እርስዎም ከኔ ሊገዙ? ዘመን ነው!» አለ፤ ዙሪያው ሳቀ።  ሰሙን ተቀበልኩ። በጥፍሬ ፋቅሁት። አሸተትኩት። ሞራ። በጾም።

«ምን ያሸቱታል? የእርስዎ አይደል?» አለኝ።

እጄ ቀደመኝ። እኔ አላዘዝኩትም። የኩታዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። እንደ አባቶቻችን። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ማንም አይፈታቸው። ስቋጥር ደግሞ አፌ የለመደውን አለ። በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፦ በጃንሆይ አምላክ፣ ከዚህ ብትነቃነቅ!

ገበያው ቆመ።

እንዴት ብዬ ላስረዳህ። ጤፍ የሚሰፍረው ሰው መስፈሪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ቅቤ ሻጯ እጇ እቅሉ ውስጥ ቀረ። ጃንሆይ ባሕር ከተሻገሩ ወዲህ ያን ስም በገበያ የጠራ የለም። ሲጠራ መቆም ልማዳችን ነው፤ ቆሙ፤ ሁሉም። አንዲት አሮጊት እንባዋ ወረደ። ያልኩትን እኔ ራሴ የሰማሁት በዚያን ጊዜ ነው። በዚህ ዘመን ይህን ስም የጠራ ይሰቀላል። የጣሊያኑ ወታደሮች ከላይ፣ ከፈረስ ተራው በኩል ነበሩ። አልሰሙም። ወይም ጩኸት እንጂ ቃል አልለዩም።

አንድ የማላውቀው መንገደኛ ቋጠሮውን ነካ ነካ አድርጎ፣ ጠብቋል፣ ሂዱ አለን። ልማዱ ነው። ሄድን።

አስረስ በአንድ ጉትታ ሊበጥሰው ይችል ነበር። ጉልበታም ነው። አልበጠሰውም። ቋጠሮ በጥሶ ያመለጠ ሰው ልጁ እንኳ አይዳርም። ወታደሮቹ ጋ ስንደርስ በመዳፉ ሸፈነው፤ እንደ ወዳጅ ተደጋግፈን አለፍን።

እስከ ደ/ማርቆስ የአንድ ቀን መንገድ። እሱ ውኃ ሊጠጣ ሲያጎነብስ እኔም አጎነበስኩ። ሽንቴ መጣ ሲል አብሬው ቆምኩ። እርስዎ ዞር ይበሉ አለኝ፤ በየት በኩል ልዙር አልኩት። ሁለታችንም ልንስቅ ነበር። ተውነው።

መንገድ ላይ እንዲህ አለ። እኔ ባልቀበል ሌላ ሰው ይቀበለው ነበር። የጣሊያኑ ሹም በየወሩ ይህን ያህል ጥፍጥፍ አምጣ ይለኛል፤ በአገሩ ያን ያህል ሰም የለም፤ ከየት ላምጣው? ለዚህ ነው ሞራ የገባው። ታዲያ የለም በለው አልኩ። እርስዎ ይበሉት አለኝ። 

ከከተማው መግቢያ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ቁጭ አለ። እኔም ቁጭ አልኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ። በዚያ በር ስንገባ የሚጠይቁን ማን አቆራኛችሁ፣ በማን ስም ብለው ነው አለ። ገበያው አይናገርም፤ የሚናገረው እኔ ብቻ ነኝ። «አያ፣ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?»

ዋጋው ምንድን ነው አልኩት። የዶሮ እግሩን ለኔ ይተዉልኝ፤ ክሱን ያንሱ፤ እኔ ምንም አልሰማሁም አለ። ሲናገር ዓይኔን አላየም። ከፊታችን ከክረምት ወዲህ ሁለት ሰው የተሰቀለበት ዋርካ አለ። እሱም ዋርካውን አላየም። ሁለታችንም አላየነውም።

ቋጠሮውን ፈታሁት። በገዛ እጄ። በሕይወቴ ዳኛ ሳይፈታው ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም።

መ/ጌታ ብዕሩን አስቀምጦ ያለቅሳል። ጻፍ እንጂ፣ አሮጌ!

ታኅሣሥ 5

ሐጂ ዑመር ሰው ላከ። ገ/ዝጊ ማመልከቻውን ቀድዶታል። ወሬው ደርሶታል፤ በዚህ ስም የተነካ ክስ ይዤ ብገባ አንተን በገመድ፣ እኔን በሰንሰለት ነው ብሏል። አልተቀየምኩትም። አፍህን ዝጋ ብሎኝ ነበር።

ሰዎች በመንገድ ላይ ትከሻዬን ይስማሉ። ሳይናገሩ። ስለ ጩኸቴ ነው። ሰሙን ግን ያልፉታል። ትከሻዬን ስሞ ሰሙን ያለፈውን ቄስ ስሙን አላስጽፍም።

ስንዱ ገበቴውን አጥባ ደፋችው። ሰፈፍ አላፈላችም።

ታኅሣሥ 6

ምንም የለም። ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። ቁጭ አልኩ።

አባቴ ያን እግር ሲፈለፍል ትዝ ይለኛል። ጩቤው ጣቱን ቆርጦት ደሙ እንጨቱ ውስጥ ገባ። እኔ ግን ዳገት ሥር፣ አፈር ላይ ቁጭ ብዬ ሰጠሁት። ሰባ ዓመት ኖሮ ለዚህ መድረስ።

ታኅሣሥ 9፣ ዓርብ፣ 5 ሰ.

ባሻ ውብነህ መጣ! በበቅሎ፣ ኩታውን ለብሶ። ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ያን ስም ስትጠራ ድምፅህ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን ሲል ጠየቀኝ። ወፍራም አልኩ። ወረደ።

ሁሉንም አስወራኝ። ዳገቱ ሥር ስትደርሱ ማን ነበር? ማንም። ምልክቱን ስትሰጠው እማኝ? የለም።  ከዚያ እንደ ድሮው በትሩን መሬት ላይ መታ። እማኝ የሌለው ስጦታ አይጸናም አለ። አስረስ ዛሬም ሌባ ነው፤ ባለቤት አላደረግኸውም። ቃልህን ከሰጠህ ፈጽመው። በሕዝብ ፊት ስጠው።

አልገባኝም። አስረዳኝ። በሚካኤል ደጅ ገበቴውን አስረክበው። ከዛሬ ጀምሮ የዶሮ እግር ያለበት ሰም የአስረስ ነው፣ የተገኘ አይደለም ተብሎ ይነገር። ክስ አይደለም፣ ስጦታ ነው። አነሳለሁ ያልከው ክሱን ነው፤ ስለ ስጦታው ዝም በል አልተባልክም። ከዚያ ወዲያ ያን እግር የሚገዛ ቄስ ካለ ይግዛ።

እንግዲያ አባቴ የሠራው ስም ሞተ ማለት ነው አልኩት። «ሞቷል እኮ። የምንቀብረው እኛ እንሁን» አለ።

ቆሜ የምናገረው እኔ ነኝ፣ አንተ ገበቴውን ብቻ ያዝ አለኝ። ባለፈው ፈሪ ስለው ነኝ ያለው ሰው! ያገሬ ሰው ፊት ስለሆነ ነው አለ። እኔ ደ/ማርቆስ ድረስ ስንከራተት ጠበቃው እዚህ ባቄላ ሲፈለፍል ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ነገ ወርኃዊው ቅ/ሚካኤል ነው። አስረስ ይመጣል። በዓል ቀርቶበት አያውቅም፤ ያንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ስንዱ፣ ተናዶ ቢናገርብህስ አለች። በሌላ ቀን ብትጠይቀኝ እቆጣ ነበር። ይናገር እንደሆነ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያን ስም በአፉ መጥራት አለበት አልኳት። ሲጠራው ሕዝቡ ይቆማል። ቆመው ያየው እንደሆነ እንግዲህ እሱ ያውቃል። ከሕዝቡ መካከል አንዱ ሄዶ ቢናገርስ አለች። እሱን አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። እንቅልፍም የለኝ።

ይህን ቆርጬአለሁ። ከነገ ወዲያ ሰም አልሸጥም። ምልክት የሌለው ሰው ገበያ አይቀመጥም። ገበያም የለኝም። አንተን መዝገብ በሰም ነክረን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ከምድጃው ሥር እንቀብርሃለን፤ ያ ስም በሆድህ አለና። ጃንሆይ ቢመለሱ የሚያወጣህ ይኖራል። እኔ አልሆንም መሰለኝ።

ያ ሰባት ጥፍጥፍ አለ። ሮብ ገበያ ወስጄ የመለስኩት፤ ሳይነካ። ለሚካኤል ነው። ምልክቱን ግን ፍቄ ነው የማስገባው፤ ከታቹ ልሙጥ ይሁን። የማን ነው የሚል ካለ አንድዶ ያሽት።

ስንዱ ቢላዋውን አምጥታለች። መ/ጌታ፣ ይበቃል፣ ብዕሩን ጣልና ጥፍጥፉን ያዝልኝ። የመጀመሪያውን ጀምሬአለሁ። ሦስቱ ጣት ጠፍቷል፤ የኋለኛው ጠልቋል፣ እሱ